የሰውዬው እጅ

ሰቆጣ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለመስታወት ደረሰ፤

የደጃችን ጠባቂ መልአክ ያንቺንም ደጅ አይርሳ፤ በሩ በቁልፍ ይከፈት በካርድ እሱ አያጣውም። እኔም፣ ባለቤቴ ማንጠግቦሽም፣ የልጅ ልጃችን ጥሩሐረግም፣ ንቦቹም ደኅና ነን። ንቦቹን ከቤተሰብ ጋር የቆጠርኳቸው ከሁላችንም አብልጠው ስለሚሠሩ ነው።

ምነው ደብዳቤ፣ ስልክ ጠፋ ወይ ትዪኝ ይሆናል። ስልክ አልጠፋም። እኛ ሰፈር ግን የሚይዘው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለችው ጉብታ ላይ ብቻ ነው፤ ከቅዳሴ በኋላ ምእመኑ ሁሉ እዚያ ወጥቶ ይጮኻል። በቀደም አብሮኝ የሚያገለግለው ወጣቱ ቄስ ቅጣው ከእህቱ ጋር ስለታመመች ላም ሲነጋገር ደብሩ በሙሉ ሰማ፤ ስልኩን ሳይዘጋ ከአራት አቅጣጫ መድኃኒት ተነገረው። እኔ የምጽፍልሽ ነገር ደግሞ የላም አይደለም። የአባትሽ የአጎት ልጅ መሆኔ ራቅ ያለ ዝምድና ነው፤ ፊደል ያስቆጠርኩሽ ግን እኔ ስለሆንኩ ጽሕፈቴ አይጠፋሽም ብዬ ነው።

ወሬ ልንገርሽ። ጥሩሐረግን ከአምደወርቅ ሊጠይቋት አስበዋል። ልጁ ዲያቆን ኤርምያስ ይባላል፤ የቄሰ ገበዝ ደግሰው የልጅ ልጅ ነው። ቄሰ ገበዝን በአካል አላውቃቸውም፤ ቅዳሴያቸውን ግን ዋግ ሁሉ ያመሰግነዋል። ልጅቱ ልጁን ትወደዋለች። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ስሙ ሲነሣ በእጇ የያዘችውን ዕቃ ታስቀምጣለች። እንግዲህ ሁለታችንም የካህን ቤት ነን፤ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ደም ይጠየቃል፣ አጥንት ይጠየቃል፣ ቆዳም ይጠየቃል።

የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፤ ጓንት። ለቀፎ ነው።

ደብዳቤውን ልዘጋ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አንድ የማውቀው ሰው አለ፤ በዕድሜ ከእኔ ብዙ አይርቅም። እጁ ጀርባ ላይ የምስር ክክ የሚያህሉ ቡናማ ነጠብጣቦች ወጥተውበታል፤ በግራው ጥቂት ናቸው፣ በቀኙ ይበዛሉ። ሰውዬው ነገሬ አላለውም። እኔ ነኝ ስለ እሱ የማስበው። አንቺ ሕክምና ላይ ነሽና፣ የእናንተ ሙያ ስለዚህ ምን ይላል? እዚህ ሰው ሁሉ «ዶክተር መስታወት» ነው የሚልሽ፤ እኔም አልከለከልኩም።

ደኅና ሁኚ፤ እግርሽ በሄደበት ሁሉ የሚያውቅሽ ሰው አትጪ።

ወልደ ጻድቅ


በርገን፣ ኖርዌይ፣ ኅዳር 28 ቀን 2017፣ በእኛ አቆጣጠር

ለተከበሩ አባቴ ለቄስ ወልደ ጻድቅ፤

መስቀልዎን ከሩቅ ተሳልሜ እጀምራለሁ። እትዬ ማንጠግቦሽን ጉልበታቸውን፣ ጥሩሐረግን ጉንጯን ይሳሙልኝ። እዚህ ዝናብ ነው። «ዛሬ አባራ» ብዬ ልጽፍልዎ ነበር፤ ዓረፍተ ነገሩን ሳልጨርስ ተመልሶ መጣ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላስተካክል። እኔ ዶክተር አይደለሁም። የምሠራው የአረጋውያን መኖሪያ ቤት ውስጥ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ ፀጉራቸውን አበጥራለሁ። ለቤተሰብ «ሕክምና ቦታ ነኝ» ያልኩት ውሸት አልነበረም፤ ሕንፃው ውስጥ ሐኪም ይመጣል። ወሬው ሰቆጣ እስኪደርስ ግን ራሴን ተመርቄ አገኘሁት። ይህን ለመጻፍ አፍሬ ነው መልሴ የዘገየ።

አሁን ስለ ሰውዬው። እኔ የማጥበው እጅ ሁሉ ነጠብጣብ አለበት። አስትሪድ የሚባሉ ዘጠና ዓመት ያለፋቸው እናት አሉ፤ እጃቸው የነብር ቆዳ ነው የሚመስለው። ነርሷን ምንድን ነው ብዬ ብጠይቃት «ፀሐይ» አለችኝ። እኔም በጣቴ መስኮቱን አሳየኋት። ነገሩ ለካ እንዲህ ነው፤ የዚህ አገር ሰው ፀሐይ ስለሌለው በአውሮፕላን ፀሐይ ወዳለበት አገር ይሄዳል፤ እዚያ ልብሱን አውልቆ አሸዋ ላይ ይተኛል፤ ተለብልቦ ይመለሳል። እባክዎ ለእትዬ ማንጠግቦሽ አይንገሯቸው፤ አብደዋል ይሉናል።

ነርሷ እንደምትለው ቆዳ የበላውን ፀሐይ አይረሳም። ከልጅነት ጀምሮ ያጠራቅማል፤ ሲያረጅ ያን ጊዜ ያወጣዋል። የጠቆረ ቆዳ የተሻለ ጋሻ አለው፤ ፈጽሞ አይነካም ማለት ግን አይደለም። ቁስል፣ ቃጠሎ፣ የንብ ንድፊያም ሲድን ጠቁሮ ሊቀር ይችላል። እንዲህ ያለ ነጠብጣብ ጉዳት የለውም።

ግን አንዳንድ ነገር ሰውዬውን ይጠይቁልኝ። ነጠብጣቡ ቅርጹ ይለዋወጣል? ይደማል? የሚቀባበት ነገር አለ? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ነጠብጣቡ ላይ ላባ ወይም ጥጥ ቢነካው ይሰማዋል ወይስ አይሰማውም?

ጓንቱን በአዲስ አበባ በኩል ወደ ሰቆጣ ለሚመጣ ሰው ሰጥቻለሁ። ግን አባቴ፣ እርስዎ ቀፎ በባዶ እጅ ሲከፍቱ እያየሁ ነው ያደግኩት። ንቦቹ ምን ሆኑ?

ልጅዎ መስታወት


ሰቆጣ፣ ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለመስታወት፤

እንኳን ለከተራውና ለጥምቀቱ በዝናብም ቢሆን አደረሰሽ። አንቺ ባለሽበት ሁልጊዜ ጥምቀት ነው፤ ቀኑን ብቻ ለይታችሁ ያዙት።

ዶክተር አለመሆንሽን አነበብኩ። ደግሜም አነበብኩ። ለማንም አልተነፈስኩም። ሰውን ዶክተር ለማድረግ አንድ ወሬኛ ይበቃል፤ ለመሻር ግን ጉባኤ ይጠይቃል። እኔ እጅ ማጠብን አልንቅም፤ ጌታም እግር አጥቧል። ይህን ለአንቺ ነው የምጽፈው፤ ለሰፈሩ አልነገርኩም፤ በዚህም ጥቂት አፍሬያለሁ።

ጓንቱ ደረሰ። ቢጫ ነው። ይዤው ወደ ቀፎ ብሄድ ንቦቹ አበባ መስሏቸው ሰፈሩበት፤ ማር ፍለጋ ብዙ ደከሙ፤ አሳዘኑኝ። ለንብ አልሆነም። በቤተ ክርስቲያንም የሚደረግ ዓይነት አይደለም።

ይልቅ እዚህ አዲስ ልማድ ወጥቶልሻል። ሰውዬው ለካ ካህን መሆኑን አልነገርኩሽም። የእጅ መስቀል እጀታው ላይ ትንሽ መሀረብ እንደሚታሰር ታውቂያለሽ። ሰውዬው መሀረቡን አስረዘመና እጁን እስከ አንጓው ጠቀለለበት፤ ከላይ የሚታየው የመስቀሉ ራስ ብቻ ሆነ። በመጀመሪያው እሑድ አንዲት እናት «አባ፣ ምነው እጅዎን፣ ቆስለው ነው?» ብትለው «ለመስቀሉ ክብር ነው» አላት። በሁለተኛው እሑድ ቄስ ቅጣው እሱም ጠቅልሎ መጣ። «አባታችን፣ ይህ ሥርዓት ከየትኛው መጽሐፍ ነው?» ሲለው ሰውዬውን ሳል ያዘው። ቄስ ቅጣው ሳሉን እንደ ጥቅስ ተቀበለው። ለጥምቀት የደብሩ ካህን ሁሉ እጁን ጠቅልሎ ወጣ። ሴቶቹ ጥለት ያለው ጨርቅ ስለት ያስገባሉ። ከሌላ ደብር መጥተው አይተው ሄደዋል፤ እስከ አምደወርቅም ተሰምቷል ይባላል። ሰው ሲያፍር ዝም ብሎ ቤቱ ይቀመጣል፤ ይኸኛው ኀፍረቱን ሥርዓት አደረገው። አሁን በሁለት ነገር ያፍራል።

የሚቀባው ነገር አለ ወይ ላልሽው፣ አዎ፣ ሎሚ ነው። ከኒሯቅ በኩል ከሚመጣ ነጋዴ ይገዛና ጠዋት ጠዋት ያሽበታል። ነጭ ልብስ ላይ ያለ እድፍ ያስለቅቃልና እዚህስ ምን ይከለክለዋል ብሎ ነው። በጥምቀት ዕለትም አሽቶ ወጣ። ጨርቁን የሚጠቀልለው ለማሳለም ብቻ ነው፤ በመንገዱ ሁሉ ጸናጽል ይዞ እጁ ፀሐይ ላይ ዋለ። ጥላው እንደሆነ ለታቦቱ ነው። በማግስቱ እጁ ቀላ፣ አቃጠለው፤ ከዚያ ጠቆረ። አሁን የምስር ክክ አይደሉም፤ ባቄላ ናቸው። እሱም ሎሚውን ጨመረ።

ገበያ ላይ የሚያቀላ ቅባት አለ፤ ክዳኑ ላይ ነጭ ሴት አለች። ሰውዬው ሊገዛ ሄዶ ነጋዴዋ «አባ፣ ለማን ነው?» ብትለው ሻማ ገዝቶ ተመለሰ። ስለዚህ ከዚያ የሚሻል ቅባት ካለ ላኪልኝ፤ አደርስለታለሁ። የአምደወርቆቹ ከፋሲካ በኋላ እንመጣለን ብለዋል፤ ከዚያ በፊት ቢደርስ ሰውዬው ደስ ይለዋል።

የዘንድሮ ማር ነጭ ነው፤ እንደ ወተት። ላንቺ የሚሆን በቅል አስቀምጫለሁ።

ወልደ ጻድቅ


በርገን፣ የካቲት 21 ቀን 2017

ለተከበሩ አባቴ፤

ጾሙን የበረከት ያድርግልዎ። ሰላምታዬን ያሳጠርኩት ለነገሩ ስለቸኮልኩ ነው።

ሎሚውን ያስጥሉት። ይህ ደብዳቤ በደረሰዎ ዕለት። ለነርሷ ስነግራት ፊቷን ያዘች። የሎሚ ውሃ ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል፤ ቃጠሎው ሲድን ጥቁር ሆኖ ይቀራል። እዚህም በበጋ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሎሚ የሚጨምቁ ሰዎች ላይ ይወጣል አለችኝ። ሰውዬው ጠዋት ቀብቶ ቀን ማሳ የሚወጣ ከሆነ እጁን በየቀኑ እየጠበሰው ነው። ምስሩን ባቄላ ያደረገው መድኃኒቱ ነው።

የገበያውንም ቅባት አይንካ። እንዲህ ካሉት ውስጥ ቆዳ የሚያሳሳና የሚመርዝ ነገር ያለባቸው አሉ፤ መጀመሪያ ያቀላል፣ ሲቆይ ያዥጎረጉራል። ክዳኑ ላይ ያለችው ሴት ራሷ አትቀባውም።

የሚበጀው ቀላል ነው፤ ቀላል ስለሆነ ማንም አያምነውም። ፀሐይ ሲበረታ ጥላ፤ ጥላ ከሌለ እጅጌውን ረዘም ማድረግ፤ የፀሐይ መከላከያ ቅባት እየላኩ ነው፣ ጠዋት ከቤት ከመውጣቱ በፊት ይቀባ። ያለው ነጠብጣብ ቀስ ብሎ ይደበዝዝ ይሆናል፤ ባይደበዝዝም ማንንም አይጎዳም። አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገርዎ፤ ሰውዬው ከሠራው ሁሉ ትክክለኛው ጨርቁ ነው። ነርሷ «እጁን ይሸፍን» ብላለች። ብቻ የሚሸፍነው ፀሐይ ፊት እንጂ ሰው ፊት አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ባለፈው አንድ ነገር ጠይቄዎ ነበር፣ ነጠብጣቡ ሲነካ ይሰማዋል ወይ ብዬ፤ ስለ ማር መለሱልኝ።

ለምን እንደምጠይቅ እርስዎም ያውቃሉ፣ ሰውዬውም ያውቃል። ስሙን እንጠራዋለን፤ የሥጋ ደዌ። የዚያ በሽታ ምልክት ብዙውን ጊዜ ነጣ ወይም ቀላ ያለ፣ ሲነኩት የማይሰማ ነው። ሰውዬው ከተሰማው አንድ ፍርሃት ወደቀለት ማለት ነው። ባይሰማውስ? ባይሰማውም የሚሞትበት ነገር አይደለም። በእንክብል ይድናል፤ እንክብሉ በነፃ ነው የሚሰጠው፤ መዋጥ ከጀመረ ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም። በዘርም አይወርድም። ይህን ሰባት ቤት ለሚቆጥሩት ሰዎች ይንገሩልኝ።

ስለዚህ ሰውዬው ሆስፒታል ይሂድ፤ ጥሩሐረግን ሊጠይቁ ከመምጣታቸው በፊት ይሂድ። የእሷ ነገር ከሰውዬው ነጠብጣብ ጋር ለምን እንደተያያዘ ግን አልጠይቅዎትም።

መስታወት


ሰቆጣ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለመስታወት፤

ትንሣኤው የደስታ ይሁንልሽ። ደብዳቤሽ በጾሙ መካከል ደርሶኝ እስከ ፋሲካ ኪሴ ውስጥ ተቀመጠ። ካነበብኩት በኋላ ማለቴ ነው።

ሰውዬው በላባ አልሞከረውም። ላባ ያታልላል፤ ያልተሰማኝ ላባው ስለቀለለ ነው እያልኩ ዕድሜዬን እጨርሳለሁ ብሎ ፈራ። የግራር እሾህ አነሣ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ባቄላው መካከል ላይ ወጋ። ጩኸቱን ሰምታ ማንጠግቦሽ ከጓዳ ወጣች።

«ማነው የጮኸው?» አለች።

«አንድ ሰው ነው» አልኳት።

«ታዲያ ሰውዬው በእኔ ቤት፣ በእኔ ባል አፍ ምን አስጮኸው?»

እሾሁን ከእግሬ ሥር ሸሸግኩ።

«የተገዛው ሎሚ ሁሉ ከቤቴ ሲጠፋ የከረመው ማን እየበላው መሰለህ? እጁን እንደ ሕፃን ጠቅልሎ የሚዞረውን ሰው የማላውቀው መሰለህ?» የቀረውን በኽምጠኛ ስለተናገረች አልተረጉመውም። ስትቆጣ አማርኛ አይበቃትም።

በማግስቱ ሰውዬውን ሆስፒታል ይዛው ሄደች። የገበያ ቀን ነበር። ደጅ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጠ፤ ሰው እንዳያውቀው ፊቱን በጋቢ ተሸፋፈነ፤ በእጁ ግን ያን የተጠቀለለ መስቀል ይዟል። ያለፈ ያገደመው ሁሉ «አባ፣ እንደምን አደሩ» እያለ ተሳለመው። ሰቆጣ ውስጥ እንደዚያን ቀን ታውቆ አያውቅም።

ሐኪሟ ትግስት የምትባል ወጣት ናት። ጨርቁን ፈታች፣ በጥጥ ነካካች፣ «ይሰማዎታል?» አለች፤ ይሰማዋል። እሾህ የወጋውን አይታ «ይኸስ?» አለች፤ ማንጠግቦሽ መለሰችላት። «አባ፣ ፀሐይ ነው፣ ዕድሜ ነው፣ ከዚያ ላይ ሎሚ ነው። ሎሚውን ለሰላጣ ይተዉት» አለችና መስቀሉን ተሳልማ ሌላ ሰው ጠራች። ሰውዬው ስለዚህ ነገር ስንት ሱባኤ አስቦ ነበር፤ መልሱ ግን ቆሞ የሚሰማ ሆነ። ሲወጣ እፎይ ማለት አማረውና አፈረ። አግዳሚው ላይ አጠገቡ የተቀመጠው ገበሬ እጁን ከጋቢው አላወጣም ነበር። ሰውዬው ሲገባም ሲወጣም ከእሱ ራቅ ብሎ ነው ያለፈው።

ጨርቁን ለማውለቅ አስቧል። ነገር ግን ቄስ ቅጣው በፋሲካ ሰሞን «እጅን ስለመሸፈን» ሰብኳል። ሰውዬው ፊት ለፊት ተቀምጦ ሰማ። ጥሩ ስብከት ነበር።

የአምደወርቆቹ በግንቦት መጨረሻ፣ የሐዋርያት ጾም ሳይገባ ይመጣሉ። አሁን ቆዳ ቢጠየቅ የምንመልሰው አለን።

ወልደ ጻድቅ


በርገን፣ ግንቦት 14 ቀን 2017

ለተከበሩ አባቴ፤

ለሰውዬው እንኳን ደስ ያለህ ይበሉልኝ። ደብዳቤዎን አውቶቡስ ውስጥ ሳነብ ስቄ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ቦታ ቀየረ።

እኛም እዚህ ጨርቅ አለን። ስናጥብ ጓንት ግዴታ ነው፤ ለእነሱም ለእኛም ጤና። እጅ ለመያዝ ግን ግዴታ አይደለም። እነዚያ የነገርኩዎ እናት፣ አስትሪድ፣ ሰሞኑን ደክመዋል። ታጥበው ከጨረሱ በኋላ እጃቸውን ዘርግተው «ያለ ጓንት» አሉኝ። «ሕግ ነው» አልኳቸው። ሕግ አልነበረም። ያን ነጠብጣብ በባዶ እጄ መንካት ከበደኝ። ያን ሁሉ ገጽ ለእርስዎ የጻፍኩት እኔ ነኝ እኮ፤ ጉዳት እንደሌለው ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። እሳቸውም «እሺ» ብለው እጃቸውን ብርድ ልብስ ውስጥ አስገቡ።

በማግስቱ ጓንቱን አውልቄ ገባሁ። ተኝተው ነበር። ይዣቸው ቆየሁ፤ ይሰማቸው አይሰማቸው አላውቅም። ከዚያ በኋላ አልነቁም።

ይህን ለማንም አልነገርኩም። እርስዎ ካህን ስለሆኑ ነው ብዬ ነበር የጀመርኩት፤ እውነቱን ለመናገር ግን ሰውዬው ይገባዋል ብዬ ነው።

የጥሩሐረግን ነገር ቶሎ ይጻፉልኝ።

መስታወት


ሰቆጣ፣ ሰኔ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለመስታወት፤

የአስትሪድን ነፍስ ከደጋጎቹ ያኑርልን፤ ስማቸውን በጸሎት ጠርቻለሁ፤ ዲያቆኑ ሦስት ጊዜ አጣራኝ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ነው። ቀድሞ ቢደርስ ኖሮ ብዬ አሰብኩ። ምንም አይለወጥም ነበር። ማወቁንማ አውቄ ነበር።

ቄሰ ገበዝ ደግሰው ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር በሚኒባስ መጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ለስለስ ያሉ ሰው ናቸው። ቀኝ እጃቸው እስከ አንጓው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ጫፉ ላይ ቀይ ጥለት አለው፤ ከእኔ ያምራል። መስቀል ተሳሳምን፤ ሁለት የተጠቀለሉ እጆች ደጄ ላይ ተገናኙ። ሽማግሌዎቹ ቆመው «ልጅዎን ለልጃችን» አሉ። እኔም እንደ ወጉ መጀመሪያ ቁጭ በሉ፣ እህል ቅመሱ፣ መልሱ ከእህል በኋላ ነው አልኩ። ጥሩሐረግ ጓዳ ናት። መጋረጃው አይነቃነቅም፤ ትንፋሽ ይዛ ነው።

ማንጠግቦሽ ሳፋና ማንቆርቆሪያ ይዛ መጣች። እጅ ተጠቅልሎ አይታጠብም። እኔ ቀድሜ ፈታሁ። ምን አለብኝ፤ የእኔ ፀሐይ ነው፣ ዕድሜ ነው፣ ሎሚ ነው፤ ተመርምሮ የታወቀ ነው። እንዲያውም «ይህችን ፀሐይ ናት ያበላሸችብኝ» ብዬ ለማስረዳት ተዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን ጨርቃቸውን ግድግዳ ግድግዳውን እያዩ ቀስ ብለው ፈቱ። ሁለቱ የዳር ጣቶቻቸው ወደ ውስጥ ታጥፈው ቀርተዋል፤ ጫፋቸው አጥሯል። እጃቸውን ሳፋው ላይ ከእጄ አጠገብ አደረጉ።

መስታወት፣ የጻፍሽልኝን ሁሉ አውቀዋለሁ። በእንክብል እንደሚድን፣ የዳነ ሰው እንደማያስተላልፍ፣ በዘር እንደማይወርድ፤ በቃሌ ልወጣልሽ እችላለሁ። ይህን ሁሉ እያወቅኩ እጄ ከሳፋው ወጣ። አላዘዝኩትም። ውሃው እጄ በነበረበት ባዶ ቦታ ላይ ወርዶ ከሳፋው ጠርዝ ፈንጥቆ መሬቱን አራሰው፤ ሁሉም ዞረው አዩ።

«ውሃው አቃጠለኝ» አልኩ።

ውሃው ከጠዋት ጀምሮ ጥላ ውስጥ የዋለ ነው። የቀዳችው ማንጠግቦሽ ናት። ቀና ብላ አየችኝ፤ ምንም አላለችም። በኽምጠኛም ምንም አላለችም።

ቄሰ ገበዝ ናቸው ያዳኑኝ። «የሰቆጣ ውሃ ድሮም ትኩስ ነው ሲባል እሰማ ነበር» አሉና ታጠቡ፤ ጣት በጣት፣ የታጠፉትንም ሳይቀር። ሲያደርቁ ደግሞ እንዲህ አሉ፤ «በዲያቆንነቴ ነው የያዘኝ። እንክብሉን እስከ መጨረሻው ውጫለሁ። ሐኪሞቹ ከጨረሱ ቆዩ፤ ያልጨረሰው ሰው ነው። ልጁ ያውቃል። እርስዎም ሳያውቁ ልጅዎን ልወስድ አልመጣሁም፤ ከማዕዱ በፊት ልነግርዎ ነበር፣ ውሃው ቀደመኝ።»

 እሳቸው ጨርቁን ጉልበታቸው ላይ እያጠፉ ቀጠሉ፤ «ስንት ዘመን መስቀል ሳሳልም ሰው ጣቴን እያየ ከንፈሩን ከሩቅ ሲያሞጠሙጥ ኖሬአለሁ። ካቻምና አንዲት ሴት ሕፃኗን ከእጄ ሸሸገችብኝ። በቀደም ከወደ ሰቆጣ አዲስ ሥርዓት ወጥቷል፣ ካህን እጁን ይሸፍን ተብሏል ሲሉኝ አለቀስኩ። እግዚአብሔር አስታወሰኝ አልኩ። እርስዎ የዚህ አገር ሰው ነዎትና፣ ሥርዓቱን ማን እንዳመጣው ያውቁ ይሆን? እጁን ስሜው በሞትኩ።»

ሳል ያዘኝ።

ማዕዱ ቀረበ። እሳቸው ከዳር ከዳር፣ ከፊታቸው ብቻ ቆንጠር እያደረጉ ይበላሉ፤ ልማድ ሆኖባቸዋል። ማንጠግቦሽ ከኋላዬ ቆማ «አባ፣ እንግዳ አያጎርሱም እንዴ?» አለችኝ። ሰው ፊት አንቱ ነው የምትለኝ፤ ያን ዕለት አንቱታዋ ከበደኝ። አጎረስኳቸው። እሳቸው በዚያችው እጅ መለሱልኝ። ዋጥኩ። እዚህ ላይ ብጨርስልሽ ደግ ሰው እመስል ነበር።

መልሱን ሰጠሁ፤ እሺ አልኩ። ሠርጉ ለጥር ነው። መጋረጃው ጀርባ ዕቃ ወድቆ ተሰበረ፤ ማንም አልተቆጣም። በኋላ ጥሩሐረግ ሳህኑን ስትለቅም «አባባ፣ ውሃው እውነት ትኩስ ነበር?» አለችኝ። «አልነበረም» አልኳት። «አዎ፣ እኔም ነክቼው ነበር» አለችና ስባሪውን ይዛ ወጣች። ከዚያ ወዲህ በአክብሮት ነው የምታናግረኝ፤ ከዚህ በፊት ታፌዝብኝ ነበር።

ጨርቁን አላወለቅኩም። ለፀሐይ ነው እላለሁ፤ ሐኪሟም ፈቅዳለች። ቄሰ ገበዝ ብቻቸውን እንዳይጠቀለሉ ነው ብልሽም ውሸት አይሆንም። ነገር ግን እሑድ እሑድ ምእመኑ ሲሳለም ጨርቁ ሥር ያለችው እጅ የትኛዋ እንደሆነች የማውቀው እኔ ነኝ።

ቅባቱ ደርሷል፤ ጠዋት ጠዋት እቀባዋለሁ፤ ባቄላዎቹም ደብዘዝ ብለዋል። ሌላ አትላኪ። ማሩን ለጥር ስትመጪ ትወስጂዋለሽ፤ ትመጫለሽ ብዬ ነው።

ይህን ደብዳቤ መጀመሪያ ስጽፈው «ሰውዬው እጁን ሳበ» ብዬ ነበር። ወረቀቱን ቀደድኩት። ሰውዬው ሎሚውን አሸ፣ ጨርቁን ጠቀለለ፣ እሾሁን ወጋ፤ ያንን ሁሉ ችሎልኛል። ሳፋው አጠገብ ግን አልነበረም።

እኔ ነበርኩ።

ወልደ ጻድቅ